እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ዛሬ አስረከብኩ። መኪና አንድ፣ ስልክ ሁለት፣ የቢሮ ቁልፍ፣ የመግቢያ መታወቂያ። የንብረት ክፍሉ ልጅ ስቴፕለሬን ሳይቀር ቆጠረ። ይህን ደብተር አንስቶ «ይሄስ?» አለኝ። ከአንድ ጉባኤ የተረፈ ስጦታ ነው። «ባዶ ነው» አልኩት። ገለጥ ገለጥ አደረገና «ባዶ ከሆነማ የእርስዎ ነው» ብሎ ሰጠኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሚኒስትሩን ጽሕፈት ቤት መርቼ ይዤ የወጣሁት ባዶ ደብተር ሆነ። ከባዶ እጅ ይሻላል።

አዲሱ ሚኒስትር የራሳቸውን ሰዎች ይዘው መጡ። ደንቡ ነው፤ የእኔውም ሰውዬ ሲሾሙ እኔን ይዘው ነው የመጡት። ቅሬታ የለኝም። (ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። የለኝም።)

ማታ ባለቤቴ «ታዲያ ነገ ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ። «ልተኛ ነው» አልኩት። ልጄ «እማዬ መተኛት ትችላለች እንዴ?» ብላ አባቷን ጠየቀችው።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ቦርሳዬን ይዤ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ሹፌሩ አልመጣም። ለምን ብሎ ይመጣል።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

አንድ የማማከር ድርጅት ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነበር። በአውቶቡስ ልሂድ ብዬ ከቅያሳችን መውጫ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ሥር ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና እያለ ያየኛል። ጉልበቱን የሚያመው፣ የመነጽሩን እጀታ በጥቁር ክር የጠመጠመ ሽማግሌ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመኪና መስኮት እጄን ሳነሳለት ኖሬ ድምፁን የሰማሁት ዛሬ ነው።

«እመቤት፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«አውቶቡስ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እሱንማ እኛም ሁለት ዓመት ጠብቀነዋል።»

ፌርማታው ተነስቶ ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ላይ ሄዷል ለካ። ምሰሶው አለ፤ ታፔላው የለም። ተረከዙ የረዘመ ጫማዬን አድርጌ ሃያ ደቂቃ ወጣሁት። እላይ የተሰለፈው ሁሉ የሰፈራችን ሰው ነው፤ አብዛኛውን በመልክ እንኳ አላውቀውም። አንዲት ነርስ ጫማዋን አውልቃ ጠጠር እያራገፈች «ይህን ፌርማታ ያስነሳውን ሰው እግሩን ይያዘው» አለች። ሰልፉ በሙሉ አሜን አለ። ከሰው ላለመለየት እኔም አሜን አልኩ፤ እንዲያውም የእኔ ነበር ጎላ ያለው።

ቀጠሮው ላይ አርፍጄ ደረስኩ። ሰውየው «መኪና አስቸገረዎት?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ አለመኖሩም ችግር ነው።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ስልኬ ዝም ብሏል። ድሮ በቀን ሰማንያ ጊዜ ይጮህ የነበረ ነው። ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ በባለቤቴ ስልክ ደወልኩለት። ጮኸ። ደንግጬ አነሳሁት።

ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። «እማዬ፣ ከራስሽ ጋር ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ ቀጠሮ እፈልጋለሁ» አለች። ይህ ምላሷ ከአባቷ ነው።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ቤቱን አደረጃጀት ላስይዘው ብዬ ለእራት አጀንዳ አወጣሁ። አንድ፦ የልብስ ማጠቢያ ተራ። ሁለት፦ የመታጠቢያ ቤት አጠቃቀም። ሦስት፦ ልዩ ልዩ። ባለቤቴ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከጎረምሳ ጋር ሲታገል ስለኖረ ምንም አያስደነግጠውም። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሳይጸድቅ ወደ አዲስ አጀንዳ መግባት አይቻልም» አለ። ልጄ ደገፈችው። በሁለት ድምፅ ወደቅኩ።

ወጥ ቤት ሳህን ስታቀብለው «አባዬ፣ ይሄ ነገር ያልፋል?» ስትለው ሰማሁ። «ያልፋል። አንቺን ስትወልድም እንዲህ አድርጓት ነበር፤ ለአራስ ቤቱ መርሐ ግብር አውጥታ ነበር» አላት።

አላወጣሁም። ዝርዝር ነው የጻፍኩት።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ልብስ ሰፊው ጠራኝ። አሁን በእግሬ ስለማልፍ ይጠራኛል። ሱቁ ጠባብ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ መስታወት፣ በቆርቆሮ ቆርቆሮ የተለየ አዝራር። ፌርማታው በነበረ ጊዜ ዋና ገበያው አዝራር ነበር አለኝ። ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ ኮቱን አውልቆ ያቀብለዋል፤ አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል እሱ ክሩን ይበጥሳል።

«አንድም ሰው በእኔ ምክንያት አውቶቡስ አምልጦት አያውቅም» አለ። ይህን ሲል ጉልበቱን እንኳ የረሳው ይመስላል።

ፌርማታው ከሄደ ወዲህ ግን ማንም አይቆምም፤ ሁሉም ወደ ዳገቱ ይሮጣል። የግንቦት ወር ሲያልቅ ሱቁን ሊለቅ ነው። ከዚያስ ስለው «ቤት መቀመጥ ነዋ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን አልወደውም እንጂ» አለ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ መርፌ ፈለገ።

የጠራኝ ደብዳቤ እንድጽፍለት ነው። «እርስዎ የመንግሥትን ቋንቋ ያውቃሉ።» እስካሁን ለሚኒስቴሩ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት መልስ አግኝቷል። በፕላስቲክ አድርጎ አስቀምጧቸዋል። ሦስቱም እንዲህ ይላሉ፦ «ደብዳቤዎ ደርሶን በጥሞና ተመልክተነዋል። ያነሱት ጉዳይ ተገቢው ትኩረት ተሰጥቶት በመታየት ላይ መሆኑን እየገለጽን፣ ስላሳዩት ተቆርቋሪነት ከልብ እናመሰግናለን።»

ጥሩ ጽሑፍ ነው። ልቅም ያለ። እኛ ቢሮ ቁጥር ሰባት እንለው ነበር። ምሳ እየበላሁ ነው ያረቀቅኩት።

የአውቶቡስ ድርጅቱስ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። «ትእዛዙ ከላይ ነው፤ እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ ይላል፤ ሌላ ትእዛዝ እየጠበቅን ነው አሉኝ።»

ከሁለት ዓመት በፊት ትልቅ ጉባኤ ነበር፤ የእንግዶች መኪና እንዳይስተጓጎል ብዙ ነገር ተነስቷል። ከዚያ የተረፈ መሆን አለበት። አዎ፣ ጉባኤው ነው።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

አቤቱታውን ጻፍኩ። አራት ገጽ። ከአንድ ገጽ የበለጠ ደብዳቤ በቀጥታ ወደ ቁጥር ሰባት እንደሚሄድ ትዝ ሲለኝ ቀደድኩት። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በግማሽ ገጽ ጻፍኩ። በዚህ ሁለት ቀን ሠላሳ ስምንት ሰው ፈረመ። ነርሷ ስትፈርም እርግማኗን ደገመችው፤ እኔ በዚህኛው ዙር ሳል ያዘኝ።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ደብዳቤውን ራሴ ይዤ የድሮ ቢሮዬ ሄድኩ። ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጠኝ የነበረው ጥበቃ «ማን ልበል?» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም፤ አዲሱ አለቃው እያየው ነበር።

ሁለት ሰዓት ኮሪደር ላይ ጠበቅኩ። ወንበሮቹ የተመረጡት በእኔ ነው። ባለጉዳይ ብዙ እንዳይቀመጥ ጠንካራና ቀጥ ያለ ይሁን ብዬ አዝዤ ነበር። ጥራታቸውን በአካል አረጋግጫለሁ።

ምክትሌ በመጨረሻ አስገባኝ። አሁን ለጊዜው በእኔ ወንበር ተቀምጧል፤ ግን ስገባ ተነስቶ የትኛው ላይ ልቀመጥ ብሎ ግራ ገባው። ጥሩ ልጅ ነው። ቢሮ ውስጥ ማህተሟ እያሉ የሚጠሩኝን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው፤ የማላውቅ ይመስለዋል። አቤቱታውን አንብቦ ፋይሉን አስመጣ። ከዚያ ገለጠው።

«ለጉባኤው ነበር አይደል?» አልኩት።

«ጉባኤው መስከረም ላይ ነበር። ይሄ የካቲት ነው የወጣው። ደግሞ ጉባኤው በዚያ በኩል አላለፈም።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። ሦስት መስመር። ምክንያት፦ ለሥራ ቅልጥፍና። የጊዜ ገደብ፦ እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ። ከታች በስተግራ፣ ያረቀቀው ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደሎች።

የእኔ ናቸው።

ምክትሌ እንዳስተማርኩት አድርጎ ደንቡን ነገረኝ። ትእዛዙ የሚነሳው ምክንያቱ ሲቀር ነው። የማን ሥራ፣ የትኛው ቅልጥፍና እንደሆነ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። ያረቀቀው ሰው ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ አሁን እንደቀረ ገልጾ፣ ፈርሞ ቢጽፍ በሳምንት ያልቃል። ግልባጭ ለአውቶቡስ ድርጅቱና ለአቤቱታ አቅራቢዎቹ።

«ለሠላሳ ስምንቱም?»

«በአቤቱታ አቅራቢዎቹ ወኪል በኩል ነው። ወኪሉ ማን ነው?»

«ልብስ ሰፊው።»

ከዚያ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አዲሱ ሚኒስትር አማካሪ ይፈልጋሉ፤ ስሜ ከሦስቱ አንዱ ነው። «በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ወረቀት በስምዎ ባይገባ ደስ ይለኛል። ትንሽ ይቆዩ፣ ግንቦት ውስጥ ይታወቃል።»

ግንቦት ውስጥ ብዙ ነገር ይታወቃል።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ

በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ደብዳቤ አርቅቄያለሁ። ማንም ቢሆን አያስታውሰውም። ምናልባት ሚኒስትሩ አዘውኝ ይሆናል።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

አላዘዙኝም።

ለልብስ ሰፊው «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» አልኩት። አፌን ይዤ ቀረሁ። እሱ ግን ደስ ብሎት «አይ፣ እርስዎ ካሉማ» አለ።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

የማማከር ድርጅቱ «ማመልከቻዎን በጥሞና ተመልክተነዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ከልብ አመስግኖኛል።

ልጄ ሰነፍ ሆናለች ብዬ ልቆጣ ስል «ለተቆርቋሪነትሽ ከልብ እናመሰግናለን» አለችኝ። ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። «ቤት ውስጥ ያለ ነው» አለች። ምን ማለቷ ነው?

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ

የቀሚሴ ዚፕ ተበጥሶ ሱቁ ወሰድኩት። ልብስ ሰፊው እቃውን ማሸግ ጀምሯል፤ የክር ጥቅሉን በቀለም በቀለም ለይቶ ካርቶን ውስጥ ይደረድራል። ዝም ብሎ ከማየት ብዬ አዝራር መልቀም ጀመርኩ። ባለአራት ቀዳዳውን ለብቻ፣ ባለሁለቱን ለብቻ። በቢሮ ሕይወቴ ይህን ያህል የተጣራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

«እጅዎ ይችላል» አለኝ። «አዝራር መትከልስ?»

«አልችልም።»

አሳየኝ። ሦስት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ። አራተኛው ያዘ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ፤ ከዚያ ካርቶኑን አየሁና ደስታዬ ጠፋ። በዚያች ሰዓት ልነግረው ነበር። አንድ ሰው ሱሪ ይዞ ገባ። ሰውየው ባይገባ ኖሮ እነግረው ነበር።

ሰውየው ከወጣ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆይቻለሁ።

ሚያዝያ 21፣ ሰኞ

ስልክ የለም። ምክትሌ «ገና ነው» ብሎ መልእክት ላከ። ዳገቱን አሁን በአሥራ ስድስት ደቂቃ እወጣዋለሁ። ባለቤቴ እግርሽ ጠነከረ ይለኛል። የነርሷ እርግማን በተቃራኒው ነው የሚሠራው።

ሚያዝያ 27፣ እሑድ

ይህን በደንብ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር። ከድልድዩ እስከ ፌርማታው ስንት ይርቃል ብዬ ጠየቅኩት፤ እንዲሁ ነገር ለመጀመር። ቀና ሳይል «ከቤታችን በር ሁለት ሺህ መቶ አርባ እርምጃ። ሲዘንብ በጭቃው ምክንያት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ» አለኝ።

ለካ ሁለት ዓመት በእግሩ ሲወጣው ኖሯል። እኔ በመኪና ስወጣ እሱ ቀድሞኝ ይወጣ ነበር፤ ለምን ማልዶ እንደሚወጣ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። መምህር ማለዳ ይወዳል ብዬ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ነግሬሻለሁ። ስልክ ላይ ነበርሽ። በእጅሽ ጠብቅ አልሽኝና ከዚያ በጽሑፍ አቅርብልኝ አልሽኝ።»

«እና?»

«አቀረብኩ።»

ተነስቶ የፈተና ወረቀት ከሚያስቀምጥበት መሳቢያ አንድ ፖስታ አወጣ። ደብዳቤዎ ደርሶን በጥሞና ተመልክተነዋል። ከሥሩ የእኔው ፊርማ። ባሌን ከልብ አመስግኜዋለሁ።

«ፊርማሽ የሚያምር ስለሆነ ነው ያስቀመጥኩት» አለ። «ልጅቷም ወዳዋለች፤ በቃሏ ትለዋለች።»

ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጡብኝ። እሱ ይስቃል፤ እኔ አልቻልኩም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፋይሉን፣ ፊደሎቹን፣ አማካሪነቱን። የመሰለኝን ያህል አልደነቀውም።

«ምክንያቱን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ። አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ሲቆም የቅያሱን አፍ ይዘጋል። መኪናሽ ከኋላ ቆሞ ጥሩምባውን ያንባርቃል። ሹፌርሽ ጥሩ ጥሩምባ ነበረው።»

«አንተ በምን አወቅክ?»

«አውቶቡሱ ውስጥ ነበርኩ» አለኝ።

ወደ እርማቱ ተመለሰ። አንዲት ሴት አሥራ አምስት ዓመት በትዳር ኖራ ባሏ ፊት ለፊቷ ባለው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ጥሩምባ ታስነፋበታለች። ይህን ለማንም አላውራም። ደብተሬ ላይ ግን ጽፌዋለሁ፤ ጽሑፍ ነው የጠየቅኩት።

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

ጻፍኩ። እዚህ እገለብጠዋለሁ፦

«በቁጥር የተጠቀሰውን ትእዛዝ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ለሥራ ቅልጥፍና የተባለው ምክንያት፣ የአርቃቂዋ የቢሮ መኪና በየጠዋቱ ከአውቶቡስ ኋላ ሰባት ደቂቃ ያህል ትቆም ስለነበር ነው። አርቃቂዋ በአሁኑ ሰዓት መኪና የላትም። ስለዚህ ምክንያቱ ቀርቷል። ፌርማታው ወደ ነበረበት እንዲመለስ እጠይቃለሁ።»

በሥራ ዘመኔ ካረቀቅኩት ሁሉ አጭሩ ነው። ምክትሌ ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ስለ መኪናው ያለውን ዓረፍተ ነገር ብናለሳልሰውስ?» አለ። «አንተ አታለሳልሰው» አልኩት። ማህተም መታ።

ሚያዝያ 29፣ ማክሰኞ

ግልባጩ ሳይቀድመኝ ብዬ ጠዋት ዳገቱ ላይ ለሰልፉ ተናገርኩ። ሠላሳ ሰው ፊት ንግግር ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለሌላ ሰው አፍ ነበር የምጽፈው። ፌርማታውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

ነርሷ «እትዬ፣ እኔ እኮ ረግሜዎታለሁ» አለች።

«አውቃለሁ። አሜን ብያለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ከሁሉም ጮክ ብለው ነበር» አለና ሰልፉ ፈረሰ። ሁሉም ግን አልሳቀም። አንዲት እናት ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ዞር አለችብኝ። መብቷ ነው።

ወርጄ ሱቁ ገባሁ። ልብስ ሰፊው ስፌቱን ሳያቆም ሰማኝ። ስጨርስ ቀሚሴን ከማንጠልጠያው አውርዶ አጣጥፎ ሰጠኝ። «ዚፕዎ ተሠርቷል» አለ። ይኸው ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 5፣ ሰኞ

በሱቁ በኩል ሳልፍ ቀና አይልም። ካርቶኑ ወደ በሩ ተጠግቷል። ባለቤቴ «ሁለት ዓመት የተራመደ ሰው በአንድ ሳምንት አይመለስም» አለኝ።

ግንቦት 14፣ ረቡዕ

ስልኬ ጮኸ። ምክትሌ ነው፤ አማካሪነቱ ለሌላ ሰው ሆኗል። በጣም አዝኖ ነገረኝ፤ እኔ ነኝ ያጽናናሁት። ስዘጋ ጠብ የሚል እንባ ጠበቅኩ። አልመጣም። ይልቅ ራበኝና ሁለት ሳህን በላሁ።

ግንቦት 16፣ ዓርብ

ደግሞ ስልክ። አላመንኩም፤ ልጄ ናት የምትቀልደው ብዬ ነበር። የአውቶቡስ ድርጅቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ወረቀቴ ደርሷቸዋል። ድምፃቸው ሳቅ ሳቅ ይላል።

«እመቤት፣ ሌላ ትእዛዝ የሚጠብቅ ስልሳ አንድ ደብዳቤ አለኝ። አንዳንዱ ከእኔ ቅጥር ይቀድማል። የሚያነሳው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ እኛ ፌርማታ መመለስ አንጠላም። እርስዎ እነዚህን ደብዳቤዎች ማን እንደሚጽፋቸው ያውቃሉ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ስንቱ ነው የኔ?»

«ሃያ ሦስቱ።»

ደብዳቤዎቹን የማስነሳት የሦስት ወር ሥራ ሰጡኝ። ከድሮው ቢሮዬ ጋር ሲተያይ ጠረጴዛው መስኮት አጠገብ መሆኑ ብቻ ነው ጥቅሙ። ውሉ ላይ «እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ» ብለው ጽፈው ነበር። ቀን ካልተጻፈበት አልፈርምም አልኩ።

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

ታፔላው ተመለሰ። ሁለት ሰዎች በመሰላል ወጥተው አሰሩት፤ ትንሽ ጠሟል። ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ተመልሶ ገባ። ከዚያ ካርቶኑ ሲቀደድ ሰማሁ።

ግንቦት 26፣ ሰኞ

የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን። ባለቤቴ ዛሬ አንድ ሰዓት እስኪሆን ተኝቶ፣ በአንድ ሰዓት ከሃያው አውቶቡስ ሄደ። ልጄ «አባዬ ሰነፍ ሆነ» አለች። እኔ ለአንድ ሰዓት ከአርባው አውቶቡስ ምሰሶው ሥር ቆምኩ። ነርሷ አለች፣ ያቺ ልጅ ያዘለች እናትም አለች፤ በአንገቷ ሰላም አለችኝ።

ልብስ ሰፊው ከውስጥ «ነይ እስቲ» አለ።

እኔን መሆኑን ለማረጋገጥ ዞር ብዬ አየሁ። ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የሚለኝ።

«አዝራርሽ ሊወድቅ ነው። አውልቂና አምጪ።»

ኮቴን ሰጠሁት። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ የእኔ ወረቀት ግልባጭ በመርፌ ተሰክቷል፤ «ሰባት ደቂቃ ያህል» የሚለው በልብስ ሰፊ ጠመኔ ተሰምሮበታል። የትኛው ቀለም ክር እንደሚሻል ሲመርጥ ቆየ። መነጽሩን ወለወለ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሲያሾልክ አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ መጣ።»

«አየሁት።»

ሰው ተሳፈረ። ነርሷ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ጠራችኝ። ኮቴ በልብስ ሰፊው ጉልበት ላይ ነው። እሱ ክሩን ቀስ ብሎ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር ያዞራል። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሄደ።

«አንድም ሰው በእርስዎ ምክንያት አውቶቡስ አምልጦት አያውቅም ብለው ነበር» አልኩት።

«አያውቅም ነበር» አለ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ ኮቱን አራግፎ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ። «የሚቀጥለው በሰባት ደቂቃ ይመጣል። ቁጭ በይ፣ ሰባት ደቂቃ ምን አላት።»

ከዚያ መሳቅ ጀመረ። እኔም። አንድ ሰው ኮቱን ይዞ እስኪገባ ድረስ ሁለታችንም አላቆምንም።

ሥራ ላይ አርፍጄ ደረስኩ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ በጽሑፍ አቀርባለሁ አልኩ።